ፈረንሳይኛ፦ ከውጫሌ ማግስት እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር

የጀማሪዎች ፈረንሳይኛ በኮሌጅ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ተማሪው ሰላምታን፣ ቁጥርን፣ የቤተሰብና የዕቃ ስሞችን፣ የአሁን ጊዜ ግሦችን ይለምዳል። በሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርቱ ይጠጥራል። ያለፈው ጊዜ በሁለት ረዳት ግሦች ይረባል፣ ተደርጎ ያለቀውና ሲደረግ የነበረው ተለይተው ይነገራሉ፣ ተውላጠ ስሞች ከግሡ ፊት ይሰለፋሉ። ፈተናው ያልፋል፣ ክሬዲቱ ይያዛል፣ ብዙው ተማሪም እዚያው ላይ ያቆማል። ይህ በእኛ አገር ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ፈጥኖ ይመጣል፤ ቋንቋው ከባድ ነው፣ ዓለምንም እንግሊዝኛ ይዞታል ይባላል። ይህ መልስ አያጠግበኝም። ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረር ፈረንሳይኛ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የሚያስገባ ዋናው በር ነበር፤ ሰዋስዉም ያን ጊዜ ከዛሬው የቀለለ አልነበረም። የተለወጠው ኢትዮጵያ ፈረንሳይኛን የፈለገችበት ምክንያት ነው። ያም ምክንያት፣ ማስረጃዎቹን ተራ በተራ ሳያቸው፣ ለፓሪስ ባህል ከነበረ ፍቅር የመነጨ አይመስልም። ፈረንሳይኛ ወደዚህ አገር የገባው፣ ሥር የሰደደውና በመጨረሻም ወደ ምርጫ ኮርስነት የወረደው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የቅርቡን ጉልበተኛ በሩቁ ለማመጣጠን በነበረው ፍላጎት ልክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውል ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ ላይ ሁለቱ ጽሑፎች ሳይገጣጠሙ ቀሩ፤ ጣልያንም የራሷን ጽሑፍ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ከዚያ የተከተለውን ዓድዋ ሁሉም ያውቀዋል። ያን ያህል ያልተነገረለት ከድሉ በኋላ የተጻፈው ወረቀት ነው። በጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ፈጽሞ ሲሽር የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣልያንኛ አልገባበትም። ፈረንሳይኛ በዚያ ዘመን የዲፕሎማሲ ቋንቋ ስለነበረ ይህ የተለመደ አሠራር ብቻ ነው ሊባል ይችላል። ልማዱ ግን ከሰባት ዓመት በፊትም ነበረ፤ ውጫሌ ላይ ሊሠራበት ይችል ነበር፣ አልተሠራበትም። በሁለቱ ውሎች መካከል የተጨመረው ነገር በደም የተገዛ ዕውቀት ነው። ከአንድ መንግሥት ጋር በዚያው መንግሥት ቋንቋ መዋዋል ምን እንደሚያስከፍል ምኒልክና መማክርቶቻቸው አይተዋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሚያነበው፣ ከሁለቱም ለአንዱ የአፍ መፍቻ ያልሆነ ቋንቋ ተፈለገ። በእኔ አስተያየት የኢትዮጵያ ፈረንሳይኛ የትውልድ ቀን ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ፈረንሳይኛ ቋሚ ደንብ አልነበረም የሚል ነው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የሱዳን ወሰን ውል የተጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ምኒልክ ለአንድ የውጭ ቋንቋ የታሰሩ ንጉሥ አልነበሩም፤ እኔም ፈረንሳይኛ በአዋጅ የጸና ነበር አልልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ፈረንሳይ ራሷ መቼ ገለልተኛ ነበረችና? ጂቡቲን ይዛለች፣ እስከ ዓባይ የመዝለቅ ሐሳብ ነበራት፣ በ1899 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከጣልያን ጋር ተስማምታ ኢትዮጵያን ሳትጠይቅ የጥቅም ክልል ተካፍላለች። እ.ኤ.አ. በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ከባቡሩ ኩባንያ ጋር ባደረገው ስምምነት ሐዲዱን በእጁ ሊያስገባ ሲሞክር ምኒልክ ተቆጡ፤ ሥራውም ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ደግሞ የፈረንሳይ ዜጎች በኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ እንዳይዳኙ ያደረገ ነበር፤ ሌሎች የውጭ ሰዎችም ይህንኑ መብት ይዘው የአገሩን የዳኝነት ሥልጣን ለብዙ ዘመን አጎደሉት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ፈረንሳይኛ በየዋህነት ተመረጠ ሊል አይችልም።

ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይንና ፈረንሳይኛን ለያይቶ ያይ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ቋንቋውን ይዘው የመጡትን ሰዎች መቁጠር ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን የግብፅ ኮፕቶች ነበሩ። የክብር ዘበኛን ከኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዘመን ጀምሮ ያሠለጠኑት መኮንኖች ቤልጅጎች ናቸው። የሕግ አማካሪው ኦበርሶን ስዊዛዊ ነበሩ፤ በኋላ የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨንም እንዲሁ የጄኔቫ ሰው ናቸው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የተረከቡት ኢየሱሳውያን ከካናዳ፣ ከኬቤክ የመጡ ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ጣልያንኛ የሚያውቅ አስተማሪ ቢፈለግ የሚመጣው ከጣልያን ነው፤ እንግሊዝኛ ቢፈለግ በዚያ ዘመን የሚመጣው ከእንግሊዝ ወይም ከግዛቶቿ ነው። ፈረንሳይኛ ግን በአካባቢያችን ምንም ቅኝ ግዛት የሌላቸውን ትናንሽ መንግሥታት ባለሙያዎች ለመቅጠር ያስችል ነበር። ሁለቱ የአንድ ቋንቋ ጥቅሞች፣ የታላቅ መንግሥት ቋንቋ መሆንና የብዙ ትናንሽ አገሮች ቋንቋ መሆን፣ በዚያ ጊዜ በፈረንሳይኛ ላይ እንደ ተገናኙት በሌላ በማንም ላይ አልተገናኙም።

ውሉ በሩን ከፈተ፤ ቋንቋውን ወደ ሰው እጅ ያወረደው ግን ሥራ ነው። በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ በተሰጠው ፈቃድ የተጀመረው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበርና የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ትኬቱ፣ የጭነቱ መዝገብ፣ የጣቢያው ቴሌግራም፣ የወርክሾፑ ትእዛዝ በዚያ ቋንቋ ይሄድ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ከዚራ የተባለው ሰፈር በኩባንያው መሐንዲሶች ተቀይሶ ሲሠራ፣ ከዚያ የተቀጠረ ብረት ሠሪና የመብራት ሠራተኛ ፈረንሳይኛን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመፍቻና ከቦይለር ጋር ነው። በፖስታውም እንዲሁ ነው። የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የገባችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። ጋዜጣም ተከተለ፤ በሐረር የካቶሊክ ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ለ ሴመር ዴትዮፒ፣ በኋላም በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ ጣልያን ወረራ የዘለቀው ለ ኩርየ ዴትዮፒ ለነጋዴውም ለሹሙም የዓለምን ወሬ ያደርሱ ነበር። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የሚማር ወጣት ነገ ምን እንደሚሠራበት አይጠራጠርም፤ ጣቢያው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ጉምሩኩ፣ ሌጋሲዮኑ በደጁ ናቸው።

ትምህርት ቤቶቹን ከዚህ አሻግሮ ማየት ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት ትልቁ እንቅፋት የካህናቱ ሥጋት ነበር፤ የውጭ ትምህርት የውጭ ሃይማኖት ያመጣል ተብሎ ተፈርቷል። መፍትሔው መምህራኑን ከእስክንድርያ መንበር ልጆች ከኮፕቶች ማምጣት ሆነ፤ ሐና ሳሊብ የመሩት ይህ ቡድን ፈረንሳይኛን ዋና አድርጎ ከእንግሊዝኛ፣ ከጣልያንኛ፣ ከአማርኛና ከግእዝ ጋር ያስተምር ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የደረሰን በካይሮ በኩል ተጣርቶ ነው። በሐረር መንገዱ ሌላ ነበር። ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሩ ከጓደሉፕ ደሴት የመጡትን ሐኪም ጆዜፍ ቪታሊየንን፣ ከዚያም የሚስዮኑ ጳጳስ እንድርያስ ዣሮሶ ያሳደጓቸውን ኢትዮጵያዊ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን አገኙ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ አደጋ አረፉ፤ ተማሪያቸው ግን ከውጭ እንግዶች ጋር በፈረንሳይኛ ሲነጋገሩ ዕድሜያቸውን ፈጸሙ። አልጋ ወራሽ ሆነው በ1917 ዓ.ም. የከፈቱት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ምንም እንኳ መጀመሪያ የተቆጣጠሩት በእንግሊዝ እጅ ያደጉት ሐኪም ወርቅነህ ቢሆኑ፣ እንግሊዝኛም ቢሰጥበት፣ ክብደቱ ወደ ፈረንሳይኛ ያደላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትም በፈረንሳዊት ርእሰ መምህርት ተመራ። አሊያንስ ፍራንሴዝ የከፈታቸው ትምህርት ቤቶችም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የነጋዴውን፣ የአርመኑን፣ የግሪኩንና የአበሻውን ልጅ አንድ ላይ ያስቀምጡ ነበር።

ይህ ሁሉ የመኳንንት ልጆች ጉዳይ አይደለምን የሚል ይኖራል። የትምህርት ቤቶቹን ብቻ ካየን አዎን፣ ከሞላ ጎደል ነው። ግን ስለ አንድ ቋንቋ መስፋፋት የሚመሰክረው የተማሪዎች መዝገብ ብቻ አይደለም፤ ለተማሪ የተዘጋጀው መጽሐፍም ይመሰክራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው የመንገደኛ መምሪያ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን የተጻፈ የጭውውት መጽሐፍ ነው፤ ከቃላት ማስተማሪያነቱ አልፎ የአገሩን አስተዳደር የሚነቅፍ ሐሳብ በጭውውቱ ውስጥ አስገብቶበታል። አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አውጥቶ ነበር፤ ላዛሪስቱ ባተማን ደግሞ የራሱን እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ፓሪስ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ፣ በሚስዮኑ ማተሚያ ቤት ነው። ከባቡሩ አጠገብ መዝገበ ቃላት የሚታተምበት ከተማ ገዢ እንደሚኖረው የታመነበት ከተማ ነው። ፈረንሳይኛ የሕዝብ ቋንቋ ሆነ ማለት አይደለም። ነገር ግን ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ወጥቶ በሐዲዱ ዳር ያሉ ከተሞች ደርሶ ነበር፤ ባለቤቶቹም የፊደል ገበታ ሳይቆጥሩ ሥራቸውን በዚያ ቋንቋ የሚያከናውኑ ሠራተኞችን ይጨምሩ ነበር።

ይህን ሕንፃ የሰነጠቀው የሰዋስው ችግር ሳይሆን የ1927 እና የ1928 ዓ.ም. ፖለቲካ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ፈረንሳይ ደግፋት ነበር፤ የማኅበሩም አንዱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይን የመሰሉ ሽማግሌዎችና በፈረንሳይኛ የተማሩ ወጣቶች የዚያን ጉባኤ ቃል እንደ ጋሻ አዩት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1935 የፈረንሳዩ ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከእንግሊዙ ሆር ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን መሬት ለወራሪው የሚቆርስ ዕቅድ አወጣ። የጂቡቲው ባቡር የጦር መሣሪያ እንዳያስገባ እንቅፋት በዛበት። ሚዛን ይሆናል የተባለው ኃይል በጭንቁ ሰዓት ከሚዛኑ ወረደ። ሐቁን ለመናገር በፈረንሳይ ውስጥም የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበረ፤ የፓሪሱ የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ ጄኔቫ ላይ ለኢትዮጵያ ስለተሟገቱ የገዛ አገራቸው ቀኝ ዘመም ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ሁከት አስነሥተውባቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የተሰደዱት በዚያው ባቡር በጂቡቲ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ወራሪው ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረውን ወጣት እየፈለገ ፈጀ። በእነዚያ ወራት የጠፋው የሰው ሕይወት ነው፤ ከሕይወቱ ጋር ግን ሦስት ዐሥርት ዓመታት የተደከመበት የትምህርት ትውልድም ጠፍቷል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የመጣው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው፤ እንግሊዝኛ ያሸነፈው እንግዲህ በዚያ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ኮተቤ ላይ የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ከብሪቲሽ ካውንስል እርዳታ ያገኙ ነበር። እንግሊዝኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ስለሚቀል አሸነፈ የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ ይወድቃል። አማርኛ ተናጋሪ ጾታን በግሡና በተውላጠ ስሙ ሲለይ ያደገ ነው፤ ያለፈን ድርጊት ከረዳት ግሥ ጋር አጣምሮ መናገርም ለቋንቋው እንግዳ አይደለም። የፈረንሳይኛ ሁለተኛ ሴሚስተር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የእንግሊዝኛ የፊደል አጻጻፍ ደግሞ ለጀማሪ ከፈረንሳይኛው የሚራራ አይደለም። የኬቤክ ኢየሱሳውያን ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስረዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ተፈሪ መኮንንን በሉስየን ማት ለሚመሩ፣ የአፍ መፍቻቸው ፈረንሳይኛ ለሆነ ካናዳውያን መነኮሳት ሰጡ፤ የመነኩሴ ልብስ እንዳይለብሱ፣ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩም ተስማሙ። እነዚህ ሰዎች ያስተማሩት ግን በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ማት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የኮሌጁም ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አስተማሪ በሞላበት ግቢ ፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ካልሆነ፣ ቋንቋን የሚመርጠው አስተማሪው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። መንግሥት ከእንግሊዝ ሞግዚትነት ለመውጣት የፈለገው በአሜሪካ በኩል ነበር፤ አሜሪካም የምትናገረው ያንኑ ቋንቋ ነው። የእንግሊዝን ክብደት የሚያመጣጥነው ሌላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲገኝ የፈረንሳይኛ የቀድሞ ሥራ ግማሹ ተወሰደ።

ግማሹ ብቻ፤ ምክንያቱም በአንድ ቦታ የቀድሞው ዘዴ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ተመለሰ፤ በሕግ። እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረንሳዩ ሚስዮን ላይክ የተከፈተው፣ በ1929 ዓ.ም. በአርበኝነት የወደቁት የደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰጠው ሊሴ ወጣቱን በፈረንሳይኛ እያስተማረ ሳለ፣ መንግሥት አዳዲሶቹን የሕግ መጻሕፍት እንዲያረቁ የአውሮፓ አህጉር ሊቃውንትን ጠራ። በሶርቦን የተማሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን የመሰሉ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የፓሪሱ ረኔ ዳቪድ፣ የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀምረው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ በፈረንሳይኛ አረቀቁ። ረቂቁ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፤ በፍርድ ቤት የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግሊዝ በሱዳንና በኬንያ በነበረችበት ዘመን የእንግሊዝን የልማድ ሕግ ትቶ የአህጉሩን ሕግ መውሰድ፣ ከዓድዋ ማግስት የታየውን ፍላጎት በሌላ መልክ የደገመ ይመስለኛል። ከዚያ የተከተለው ግን እንግዳ ነገር ነው። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ሆኑ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ አብዛኛው አስተማሪም ከአሜሪካ ነበር። በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ሕግ በእንግሊዝኛ ይማሩታል፣ በአማርኛ ይፈርዱበታል። ፖላንዳዊው ጆርጅ ክርዜቹኖቪች የፈረንሳይን ምንጮች እያነጻጸሩ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ሲያብራሩ የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው፣ ምንጩን በምንጩ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ከፋኩልቲው ጥቂት ስለነበረ ጭምር ነው።

ስለዚህ ወደ ጀማሪዎቹ ክፍል ስንመለስ ክፍሉ የዚህ ታሪክ ቅሪት ሆኖ እናገኘዋለን። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ጥናቱን ያካሄደው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር፤ ሴሚስተሩም፣ ክሬዲቱም፣ የምርጫ ኮርሱም የአሜሪካ አሠራር ናቸው። ለአባ ሳሙኤል ተማሪዎች መንገድ የነበረው ቋንቋ በዚህ አሠራር ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ አንድ ትምህርት ሆነ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ፈረንሳይኛ ከድርጅቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ አዲስ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም በአፍሪካ ኅብረት ደጃፍ አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈለጋል። ያ ገበያ ግን ቋንቋውን በልጅነታቸው የያዙ የዳካርና የአቢጃን ልጆች የሚወዳደሩበት ነው፤ ሁለት ሴሚስተር ይዞ ለሚመጣ ሰው አይከፈትም። የጂቡቲው አሮጌ ባቡርም ቆሟል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቷል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኮንፊሺየስ ተቋም ቻይንኛ ያስተምራል። ቋንቋ ሐዲድን ተከትሎ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን እንቆጫለን? ምክንያቱ ካለፈ ነገሩም ይለፍ የሚል ሰው ቢኖር ግማሽ እውነት አለው። ለጭውውት፣ ለጉብኝት፣ በካፌ ቁርስ ለማዘዝ የሚሰጠው ፈረንሳይኛ ከኢትዮጵያ ፍላጎት ጋር ግንኙነቱ ቀጭን ነው፤ ተማሪው በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ማቆሙም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ነገር ግን ፈረንሳይኛ ሲሄድ ሁሉን ይዞ አልሄደም። ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ፓሪስ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ዝርዝራቸው የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጂቡቲ ጉዞ በ1924 ዓ.ም. ጎንደር ደርሶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችና ከ300 በላይ ብራናዎችን ይዞ ሄዷል፤ የዚያ ጉዞ ማስታወሻና ዝርዝርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚወጣው አናል ዴትዮፒ የተባለው መጽሔት ስለ አክሱምና ስለ ሌሎች ቁፋሮዎች የያዘው አብዛኛው ዘገባ፣ የማርሴል ኮኸን የአማርኛ ሰዋስው፣ የድሬዳዋ ጣቢያ አሮጌ መዝገቦች፣ የሕጎቹ ረቂቅ ሁሉ ስለ እኛ በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። ቅርስን ለማስመለስ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የተወሰደውን ዝርዝር ማንበብ አለበት፤ በእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ተመርኩዞ ሙግት መግጠም የውጫሌን ስሕተት በሌላ በኩል መድገም ነው።

በሁለት ሴሚስተር ማን ሕግ ያነባል የሚለው ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ የሚነካው ግን የኮርሱን ርዝመት ሳይሆን የኮርሱን አቅጣጫ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለታሪክና ለሥነ መለኮት ተመራማሪዎች ለማንበብ ብቻ የሚሰጥ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ከቆየ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ተማሪው ቡና ማዘዝ ላይችል ይችላል፣ መዝገበ ቃላት ይዞ ግን ምሁራዊ ጽሑፍ ይፈታል። የሁለተኛው ሴሚስተር ያለፈ ጊዜና ተውላጠ ስም ለዚህ ዓይነት ንባብ የሚበቃ መነሻ ነው፤ ዝርዝርና ዘገባ አብዛኛው የሚጻፈው በአሁንና ባለፈ ጊዜ ነውና። የሕግ ጽሑፍም ከልብ ወለድ ይልቅ ለጀማሪ ይመቻል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የሚደጋገም፣ ግሡ በአብዛኛው የአሁን ጊዜ ነው። ረኔ ዳቪድ በተለይ አንቀጾቹን አጫጭርና ግልጽ አድርጎ ለመጻፍ ይጥር ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት። የወንጀለኛ መቅጫው በ1997 ዓ.ም. ተተክቷል፣ የቤተሰቡ ክፍል ከዚያ ቀደም በ1992 ዓ.ም. በፌዴራል ሕግ ተሽሯል፣ የንግድ ሕጉም በ2013 ዓ.ም. አዲስ ወጥቶለታል። የውሉ፣ ከውል ውጭ ያለው ኃላፊነት፣ የውርሱና የንብረቱ አብዛኛው ክፍል ግን አሁንም ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው በማይገጣጠሙበት አንቀጽ ላይ ጠበቆች ዛሬም ይከራከራሉ። ሁለተኛውን ሴሚስተር የጨረሰ የሕግ ተማሪ ስለ ውል ከሚናገረው ከ1675ኛው አንቀጽ ጀምሮ የፈረንሳይኛውን ረቂቅ ከአማርኛው ጎን አስቀምጦ፣ በሳምንት አምስትና ስድስት አንቀጽ እያነበበ፣ የማይስማሙበትን ቦታ በኅዳጉ ላይ ቢያሰፍር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዳኞቹም ለጠበቆቹም የሚጠቅም ማስታወሻ ይኖረዋል።